በመጋዘን የተነገረ መርዶ

ቴአትርን በዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ሥነ ጽሑፍን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን አስተምሬ፣ ከጡረታ በኋላ ግን ቴአትር ያየሁባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ብቸና የሚኖር ሰው ተውኔት ሲያምረው ወይ ሠርግ ይጠብቃል፣ ወይ ስብሰባ። በሠርጉ የሚያሞግሰው፣ በስብሰባውም የሚምለው ሰው ከሠለጠነ ተዋናይ አያንስም፤ ለእኔም ይኸው ሲበቃኝ ኖሯል። ባለፈው ጥር የብቸናና የሞጣ ወጣቶች ተስማምተው “የዳር ቴአትር ሰሞን” ያሉትን ነገር ሲያሰናዱ፣ ከመካከላቸው አንዱ፣ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ “መምህር፣ ይምጡና ይስደቡን” አለኝ። ስድቤ ይህን ያህል መታወቁ አላስከፋኝም። ሄድሁ።

“ዳር” ያሉት አዳራሽ ስለሌላቸው ነው። የከተማው አዳራሽ ለሌላ ጉዳይ ከተያዘ ቆይቷል፤ ለምን ጉዳይ እንደተያዘ የሚጠይቅ የለም። ደንባቸው ቀላል ነበር። ተውኔት አለኝ የሚል ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ መራጭና ዳኛ የለም፣ ሽልማትም የለም፤ የሚጫወትበትን ስፍራ ባለ ተውኔቱ ራሱ ለምኖ ያገኛል። በመማሪያ ክፍል፣ በበረንዳ፣ ግንባታው በቆመ ፎቅ ሥር ይታያል። በሰዓት እላፊው ምክንያት ሁሉም ከቀትር በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልቃል። በመጀመሪያ ብቸና፣ ቀጥሎ ሞጣ ነበር ውሉ።

ብቸና ላይ መጀመሪያ ያየሁት ከየጥኖራ የመጣ አንድ ጎልማሳ ብቻውን የሚጫወተውን ነው። ጥቁር ሰሌዳውን ከጀርባው አድርጎ፣ በሬውን ሊሸጥ ገበያ የወጣ ገበሬ ሆኖ ቀረበ። ሰውየው በሬ ያውቃል። የሌለውን በሬ ገመድ ሲይዝ ክንዱ በሚገባው ልክ ይሳብ ነበር፤ ገዥው ጥርሱን ሊያይ ሲጠጋም በሬው ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ ብዬ ልምል እችላለሁ። ቃላቱን ግን ይውጣል፤ የዓረፍተ ነገሩ ጅራት ከከንፈሩ አይወጣም። ከሁሉ የከፋው ፍጻሜው ነበር። በሬው ተሸጦ፣ ገመዱ እጁ ላይ ብቻውን ሲቀር፣ እዚያ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ትልቅ ነገር ሠርቶ ነበር። እሱ ግን ገመዱን ጣለና ወደ እኛ ዞሮ፣ “ስለዚህ ወገኖቼ” ብሎ ስለ ቁጠባ ያስተምረን ጀመር።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት፣ “ልጄ፣ በሬውን ሸጠህ ካበቃህ በኋላ ነው ምክር የመጣልህ?” አሉት። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሰውየውም ከተመልካቹ ጋር ሳቀ፤ ይኼ ለተዋናይ አንድ ቁም ነገር ነውና በሆዴ አንድ ነጥብ ጨመርሁለት።

በማግሥቱ ብረቱ ወደ ሰማይ እንደቆመ በቀረ ፎቅ ሥር የታየው ቀልድ ነው ተብሎ የተነገረለት ተውኔት ነበር። ጎረምሶቹ ሁሉ ያለቁባት አንዲት ቀበሌ አለች። መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ስለጠፋ አራት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማን ለማን እንደሚቆፍር ይከራከራሉ።

“አንተ ወገብህን ትታመማለህ፤ እኔን ስትቀብር ግማሽ ጉድጓድ ነው የምትቆፍርልኝ” ይላል አንዱ።

“ግማሽ ለአንተ ምን አነሰህ? በሕይወትህም እግርህን ዘርግተህ ተኝተህ አታውቅ።”

ተመልካቹ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ከአራቱ ታናሽ የሆነው ሽማግሌ፣ “እናንተን ሦስታችሁን እኔ እቀብራችኋለሁ። እኔንስ?” ብሎ ጠየቀ፤ ሳቁም ድንገት እንደተዘጋ ቧንቧ ቆመ። ደራሲው ሳቁ የት ላይ እንደሚያበቃ አስቀድሞ ያወቀ አልመሰለኝም፤ ተዋንያኑ ራሳቸው ዝምታው አስደንግጧቸው ተያዩ። እንዲያም ሆኖ አልሸሹትም። የሚቀጥለውን ቃል ለመናገር አልተጣደፉም። ከፎቁ ሥር ስንወጣ ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት አድሮ እንደሚመለስ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከአማኑኤል ይመጣል የተባለው ቡድን ሳይመጣ ቀረ። መንገድ ተዘግቷል ተባለ፤ ስልክም አይሠራም። ሰው ግን አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ባዶውን የክፍል ግድግዳ እያየ ጠበቀ። አንድ ልብስ ሰፊ፣ “እስከ ዛሬ ካየነው ይኼኛው ይሻላል፤ ቢያንስ አልሰበከንም” አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ሰዓቱ ሲደርስ ማንም ሳያሰናብተን ተነሥተን ወጣን፤ ያልመጡት ልጆች ምን ደርሶባቸው ይሆን እያልን ግን ሁላችንም እናስብ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ በደኅና ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ ሰማን።

የሞጣው መንገድ ሲከፈት በሚኒባስ ተሳፈርሁ። በየፍተሻው ወርደን፣ መታወቂያ አሳይተን፣ ተመልሰን ተሳፈርን። ሞጣ ስገባ ሁልጊዜ የማርፈው የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። እሷን በእህትነት ነው የማያት፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ እኛ ቤት አድጋ፣ ከእኛ ቤት ነው የተዳረችው። ባሏ ቀድሞ አረፈ። አንድ ልጅ ነበራት።

ልጁ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ጤፍ ጭነው ከሾፌሩ ጋር ወጡ። መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ፤ ሾፌሩም እሱም አልተገኙም። ያየው አለ ተባለ፤ ታስሯል ተባለ፤ በቆላው በኩል ሲሻገር አየሁት ያለ ሰው መጣና ሲመረመር ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ወሬውም አለቀ። እሷ ግን የሚጠይቃትን ሁሉ፣ “ልጄ መንገድ ላይ ነው” ትላለች። ከዚያ የበለጠ አትጨምርም፤ ሌላው እንዲጨምርም አትፈቅድም። አንድ ጊዜ አንዲት ዘመድ ስለ ልጁ ስታወራ፣ “ነፍሱን ይማረውና” የሚል ቃል አምልጧት ከቤት አስወጥታታለች።

የአገራችንን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው የእህቴ መከራ ምን እንደሆነ ይረዳዋል። ሰው ሲሞት ይለቀሳል፤ እርም ይወጣል፤ እርሙን ያወጣ ሰው አዝኖም ቢሆን ይኖራል። ሞቱ ያልታወቀን ሰው ማልቀስ ግን ሟርት ነው፤ በቁሙ መቅበር ነው። እሷ ጥቁር እንዳትለብስ ተስፋው ከለከላት፤ ነጭ ለብሳ ሠርግ እንዳትሄድ ሆዷ ከለከላት። ሰውነቷ በሁለት ዓመት ውስጥ ግማሽ ሆኖ አገኘሁት።

“ጋሼ፣ ለጨዋታ ነው እንግዲህ ይኼን ሁሉ ፍተሻ አልፈው የመጡት?” አለችኝ፤ ውኃ እያስታጠበችኝ።

“ለጨዋታ ነው።”

“ድሮም እርስዎ የአረም ጊዜ ሲደርስ ነበር መጽሐፍ የሚያምርዎ።”

ከሁለት ዓመት ወዲህ ስታሾፍብኝ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ አለኝ።

የሞጣውን ሰሞን ከሚያስተባብሩት አንዷ የጎረቤት ልጅ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነች። ከልጅነቷ ጀምሮ በእህቴ ቤት ወጥታ ገብታ ያደገች ናት። በዚያው ቀን መጥታ፣ “እትዬ፣ ነገ የእኔ ተውኔት ነው። እርስዎም ይምጡልኝ” አለቻት።

“ስለ ምንድን ነው?”

“ስለ እናቶች።”

“ስለ እናቶች ከሆነ እኛን ምን አስጠራሽ? ወንዶቹን ጥሪ፤ የማያውቁት እነሱ ናቸው።”

ልጅቱ ሳቀች፤ እህቴም እሺ አለች። ወደ ሰው ከወጣች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበርና ይህ ለሁላችንም በጎ ምልክት መሰለን።

ተውኔቱ የሚታየው በአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ነው። ነጋዴው ከቅድመ አያቱ ጀምሮ በሞጣ ገበያ የኖረ፣ በከተማው እስላምና ክርስቲያን ሁሉ ዘንድ የተከበረ ሰው ነው። መንገድ ሲዘጋ እህል አልመጣ ስላለው መጋዘኑ ባዶውን ነበር። የቴአትሩ ልጆች ሲለምኑት፣ “እህል ካልገባበት ሰው ይግባበት፤ አይጡም ይሸሻል” ብሎ ቁልፉን ሰጣቸው። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ስፍራውን ለማየት ቀድሜ ሄድሁ። መድረክ የሚባል ነገር የለም። በአንዱ ወገን ለወንዶች አግዳሚ፣ በሌላው ለሴቶች ሰሌን ተዘርግቷል። መምህርቷ ጽሑፏን ብብቷ ሥር ይዛ የሐሳቧን ነገረችኝ።

“መምህር፣ እናቲቱን የምትጫወተው ልጅ ከሴቶቹ መካከል ነው የምትቀመጠው። ጥጥ እየፈተለች። እስከ መጨረሻው፣ መርዶው እስኪነገር፣ ቃል አትናገርም። እናት እንደሆነች ማንም አያውቅም።”

“መርዶውስ?”

“መርዶው ከውጭ በር ነው የሚገባው። እንደሚመጣው ይመጣል።”

“ተመልካቹ እናቲቱ ማን እንደሆነች ካላወቀ ለማን ያዝናል?”

“ለራሱ” አለችኝ።

መልሱ ብልህ ነበር። የሙያ ጥያቄ ጠይቄ የሙያ መልስ አገኘሁ፤ ከዚያ ያለፈ አላሰብሁም። ቀጥላ መርዶ ነጋሪውን ከየት እንዳመጣች ስትነግረኝ ግን ቅንድቤን አነሣሁ። ተዋናይ አልነበረም። የእድሩ መርዶ ነጋሪ ራሳቸው ናቸው።

እኒህን ሽማግሌ ሞጣ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ለቤተሰቡ እንዲነግሩ የሚላኩ እሳቸው ናቸው። ጎህ ሳይቀድ፣ ጋቢያቸውን በለቅሶ ወግ አዘቅዝቀው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ይሄዳሉ። በመንገድ ሰላምታ አይሰጡም። በዚያ ሰዓት እሳቸውን ያየ ሰው ወደ ማን ቤት እንደሚታጠፉ እስኪያውቅ ድረስ ባለበት ይቆማል። ልጆቹ መጀመሪያ ሲለምኗቸው፣ “ሙት ሳይኖር መርዶ ሟርት ነው” ብለው እንቢ አሉ። ብዙ ከተለመኑ በኋላ በአንድ ውል እሺ አሉ፤ ስም አልጠራም አሉ። የሕያውንም የሙትንም፣ የፈጠራም ቢሆን፣ ማንንም በስሙ አልጠራም። ለማንም ሟርት እንዳይሆን።

መምህርቷ ይኼን ውል ወደደችው። ስም የሌለው መርዶ ለሁሉም ይሆናል አለችኝ።

ከቀትር በኋላ መጋዘኑ ሞላ። እህቴ ከሴቶቹ መካከል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ ፈታይዋ ልጅ ከኋላዋ ነበረች። እኔ ከወንዶቹ ወገን ከነጋዴው አጠገብ ተቀመጥሁ። ተውኔቱ በሁለት ሾፌሮች ጨዋታ ጀመረ። መንገድ እስኪከፈት የሚጠብቁ ናቸው፤ ጎማ ላይ ተቀምጠው ስለ ምግብ፣ ስለ ሚስት፣ ስለ ፍተሻ ያወራሉ። ጥሩ ቋንቋ ነበር። የተጻፈ የማይመስል፣ ግን አንድ ቃል የማይነሣለት። ልጅቱ ጆሮ አላት ብዬ አሰብሁ። አንደኛው ሾፌር ሌላውን፣ “አንተ ስትነዳ መንገዱ ራሱ ዞር ይልልሃል” ሲለው ነጋዴው ከጎኔ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እህቴን አየኋት፤ አልሳቀችም፤ ስለ ሾፌሮች መሆኑ አስከፍቷት እንደሆነ ግን ከፊቷ ማንበብ አልቻልሁም።

ሾፌሮቹ ተነሥተው ወጡ። ስፍራው ባዶ ሆነ፤ የፈታይዋ እንዝርት ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ የመጋዘኑ ትልቅ የብረት በር ከኋላችን ተከፈተና የውጭው ብርሃን በመካከላችን ገባ።

ሽማግሌው ናቸው። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀዋል። ሁለት ሰዎች ተከትለዋቸዋል፤ ተዋንያን ሳይሆኑ ዘወትር የሚከተሏቸው ሁለቱ ሰዎች። ዓይናቸው መሬት ላይ ነው፤ መርዶ ነጋሪ የሚነግረውን ሰው ዓይን አያይም፣ ወጉ ነው። ከመጋዘኑ ውስጥ ግማሹ ሰው ብድግ አለ። ከጎኔ ነጋዴው በሹክሹክታ፣ “ያ ረብ፣ የማን ይሆን?” አለ። ተውኔቱን በገዛ ቤቱ የሚያየው ሰው ይኼን ካለ ሌላው ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ጨዋታው ተቋርጦ እውነተኛ መርዶ የመጣ የመሰለው ብዙ ነበር።

ሽማግሌው በሴቶቹ ወገን አልፈው ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ቆሙ። መሬቱን እያዩ፣ በዚያ ሁሉ ቤት በተናገሩበት ድምፅ፣ “እህቴ፣ አይዞሽ። ልጅሽ አርፏል። እግዜር ያጽናሽ፤ እርምሽን አውጪ” አሉ።

ጩኸቱ ወዲያው መጣ። ለአንድ እስትንፋስ ያህል፣ “ተዋናይት ማለት እንዲህ ናት” ብዬ አስቤያለሁ። ከዚያ ድምፁን አወቅሁት።

እህቴ ቆማ ነበር። ነጠላዋን ከራሷ ገፋ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ደረቷን እየመታች የልጇን ስም ትጠራለች። ፈታይዋ ልጅ አፏን እንደከፈተች ቀረች፤ የእሷ ጩኸት ተወስዶባታል። መምህርቷ ከበሩ ሥር ሮጣ፣ “እትዬ! እትዬ፣ ጨዋታ ነው!” ብትልም የሚሰማት አልነበረም፤ ያን ጊዜ በአካባቢዋ ያሉት ሴቶች ሁሉ ማልቀስ ጀምረው ነበር። አንዷ የወንድሟን፣ ሌላዋ የባሏን። ባለፉት ዓመታት ያልተለቀሰ ብዙ ሙት በዚህ ከተማ አለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን አንሥተው ማን እንደምትጮህ ሲያዩ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

ተውኔቱ በዚያው ቀረ። እህቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሴቶቹ እንደ ሥርዓቱ ግራና ቀኝ ደግፈዋት ተከተሉ። እቤት ስንደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘናት።

ሽማግሌው ከመምህርቷ ጋር መጡ። ደጃፉን አልተሻገሩም።

“እህቴ፣ ጨዋታ ነው። የልጅሽን ነገር እኔ አልሰማሁም። ማንም አልነገረኝም።”

“አባባ፣ እስከ ዛሬ የስንት ሰው በር አንኳኩ?”

“ብዙ ነው።”

“ከዚያ ሁሉ ተመልሶ የመጣ አለ?”

“የለም።”

“እንግዲያስ የእኔን ብቻ ምን ያመጣዋል?”

መምህርቷ እግሯ ላይ ወደቀች።

“እትዬ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው። ቃሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ለእርስዎ አልነበረም።”

“ለማን ነበር?”

“ለማንም። የፈጠርኋት ሴት ናት።”

“እሷስ፣ ልጇ መጣ?”

“የማን?”

“የፈጠርሻት ሴት።”

“አልመጣም።”

“እኮ” አለች እህቴ። ከዚያ ልጅቱን በክንዷ አንሥታ ከአጠገቧ አስቀመጠቻት፤ አልተቆጣቻትም። ይህ ለልጅቱ ከቁጣው የከፋ ነበር።

ያን ቀን የነፍስ አባቷ ሲመጡ በአገሩ ሁሉ የሚነገረውን ነው የተናገሩት። ፍትሐት ለሙት ነው፤ ለጠፋ ሰው ጸሎት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ቢፈታ ታላቅ በደል ነው።

“አባ፣ ጸልያለሁ። የጸለይሁትን እርስዎ ያውቃሉ።”

“አሁንም ጸልዪ፣ ልጄ።”

“ምን ብዬ? ‘መልሰው’ ልበል ወይስ ‘ማረው’?”

እሳቸውም መስቀላቸውን አሳልመዋት ሄዱ። የእድሩ ሰዎች ደግሞ ሞቱ ላልታወቀ ሰው ድንኳን አይተከልም አሉ፤ ደንቡ ስለሆነ ልከራከራቸው አልቻልሁም። እንዲህ ሲሆን እህቴ ሰው ፊት እያለቀሰች የለቅሶ ቤት የሌላት ሆነች። ጎረቤት ይመጣና ምን እንደሚል ያጣል። “እግዜር ያጽናሽ” ቢል ልጁን መግደሉ ነው፤ ዝም ቢል እሷን መናቁ ነው። ሰዎች ደጃፉ ላይ ቆመው ተመካክረው ሲመለሱ አየሁ።

ነገሩን የቆረጠው ነጋዴው ነው። ወደ ማምሻው ሁለት ሰዎች የእህል መሸፈኛ ሸራ አሸክሞ መጣ።

“የእድሩ ሰዎች ድንኳን አይተከልም ብለዋል” አልሁት።

“ሰምቻለሁ፣ መምህር። ይኼ ድንኳን አይደለም፤ ሸራ ነው። መርዶውን የሰማችው በእኔ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ቤት ገብቶ የተሰበረን ሰው ደጄ ላይ ጥዬ አላድርም።”

ሸራው ከቤቱ ጣሪያ እስከ አጥሩ ተወጠረ። ነጋዴው ከሥሩ ተቀመጠ፤ እኔም ተቀመጥሁ። እሱ ከተቀመጠ በኋላ ሌላው መጣ። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌውም መጥተው ከሁሉ ዝቅ ብለው ከጥግ ተቀመጡ።

እዚያ ተቀምጬ ስለ ተውኔቱ ያላሰብሁ ለማስመሰል አልሻም። በዕድሜዬ ካየሁት ሁሉ በጥበብ የላቀው ትዕይንት እሱ ነበር። ቃሉ ትክክል፣ አገባቡ ትክክል፣ ዝምታው ትክክል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የጎደለው፤ ተመልካች ይኼ የእኔ አይደለም ብሎ የሚቆምበት አንዲት ስንዝር መሬት። ለተማሪዎቼ ይኼን ርቀት የመድረክ ጉድለት ነው እያልሁ አስተምር ነበር። ከመጋዘኑ ወዲህ እንደዚያ አላስተምርም፤ የማስተምረውም ተማሪ የለኝም።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በፊት ሁለት ሴቶች መጡ። የሰፈሩ ሰዎች አልነበሩም፤ ከከተማው ዳርቻ በእግር የመጡ ናቸው። አንደኛዋ ጠና ያለች፣ ሌላዋ ገና ወጣት። ወደ እህቴ አልሄዱም። “መርዶ የሚነግሩት አባት የትኛው ናቸው?” ብለው ጠየቁ። ሰዎች ሲያሳዩአቸው ከሽማግሌው ፊት ተንበረከኩ።

“ለእኛም ይንገሩን” አለች ትልቋ።

“ምን ልንገራችሁ?”

“የእኔ ልጅ ነው። የዚህች ባሏ ነው። ሁለቱም አብረው ነው የወጡት።”

“ሞተዋል?”

“አናውቅም። ያወቅን እንደሆነማ እርስዎን ለምን እንለምናለን?”

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። “እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጆቼ?”

ወጣቷ፣ “ለእሷስ ምን አውቀው ነገሯት?” አለች፤ በእጇ ወደ እህቴ እያመለከተች። በድፍረት አልነበረም። የእውነት ጠየቀች።

እህቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። መጥታ የሁለቱንም እጅ ያዘች።

“ተነሡ። አትለምኗቸው። ያረፍሁ መስያችሁ ነው?” አለች። “ድሮ በር ሲንኳኳ ልቤ ‘መጣ’ ይል ነበር። አሁንም ይላል። አሁን ግን እፈራዋለሁ። መጥቶ ‘እማ፣ ሳልሞት አለቀስሽኝ?’ ቢለኝ ምን ብዬ ልመልስለት ነው? ይኼን ልትሸከሙ ነው የመጣችሁት? ሂዱ፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ።”

ወጣቷ እጇን አልለቀቀችም።

“አለቀሱ ግን?” አለቻት።

“አለቀስሁ።”

“ድምፅዎን አውጥተው?”

“ድምፄን አውጥቼ።”

“ለእኔ ይበቃኛል” አለችና ነጠላዋን አውርዳ አዘቀዘቀችው። ትልቋም እንደ እሷ አደረገች። ሽማግሌው ተነሥተው ጫማቸውን አደረጉ፤ አንድም ሰው ሳይሰናበቱ በአጥሩ በኩል ወጡ። እህቴ ሁለቱን ሴቶች ቆማ እያየቻቸው ቆየች። በመጨረሻ ወደ ሰሌኗ ተመልሳ ወደ ግድግዳው ተጠጋችና በአጠገቧ ቦታ ለቀቀችላቸው።

ስፍራው ጠባብ ስለነበር እኔና ነጋዴው ከአግዳሚው ተነሥተን ቆምን። በአጥሩ ላይ አሻግሬ ሳይ ሌሎች ሴቶች በመንገዱ እየመጡ ነበር።